የተመዘገበው እልልታ

አንድ የሳሙና ፋብሪካ እልልታን የንግድ ምልክቱ አድርጎ ካስመዘገበ ወዲህ፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰካው መሣሪያ እልል ያለን ሁሉ ይከስሳል።

ልጃቸው ትርሲት ወንድ ልጅ በሰላም ስትገላገል፣ ወይዘሮ አስካለ እንደ ወጉ ሰባት ጊዜ እልልታውን ሊያቀልጡት አፋቸውን ከፈቱ።

«እትዬ፣ በማርያም! ይሰማል እኮ!» አለች አዋላጇ ወደ ግድግዳው እያየች።

«ለልጅ ልጄም? እግዜር የእጃቸውን ይስጣቸው!» ብለው በንዴት ነጠላቸውን ነከሱ።

ባላቸው አቶ ቢተው የመሣሪያውን ነገር ረስተው፣ ደጅ ቆመው እልልታውን ይጠብቃሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው የሕፃኑ ድምፅ አልተሰማቸውም። ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ ዝም።

«ወይኔ ልጄን!» ብለው ደረታቸውን ሲደቁ ወይዘሮ አስካለ ሰሟቸው።

መሣሪያው ምንም አላለም። ለቅሶን ያስመዘገበ ኩባንያ ገና የለም።