አዲሱ ባርኔጣ

ከህንድ የመጣው የሒሳብ መምህር ባልደረባችን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «አገር እንይ» እያለ ያስቸግረናል። ዓርብ ከሰዓት ወንድሙ ለዳይሬክተራችን ለጋሽ ሽብሩ ከአገሩ ደወለ። «እናታችን አርፋለች። እሱ እዚያ ብቻውን ነው፣ አደራ» አለ።

መርዶ ለብቸኛ ሰው እንዲሁ በድንገት አይነገርም። እሑድ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን ልናረዳው ተማከርን። የቅዳሜውን የላንጋኖ ጉዞ ብንሰርዝ ግን ይጠረጥራል።

ስለዚህ ሄድን። እንደዚያ ቀን የከበደኝ ሽርሽር የለም። በግድ ዘፈንን፣ በግድ አጨበጨብን። አብራን የምታስተምረው የሺመቤት እንባዋ በመጣ ቁጥር ዕቃ የረሳች መስላ ወደ መኪናው ትሄዳለች። እሱ አዲስ ባርኔጣውን እስከ ጆሮው ደፍቶ ሁላችንንም ፎቶ ያነሳል፣ ያስቃል። ሲዋኝ እንኳ አላወለቀውም። «ፀሐዩን ፈርቼ ነው» አለኝ። ምንም ሳያውቅ ሲስቅ ሳየው አንጀቴን በላው።

እሑድ ንጋት ላይ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ደጁ ቆምን። ጋሽ ሽብሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው አንኳኩ።

ከፈተ። ባርኔጣውን አላደረገም። ራሱን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል። ከኋላው፣ በእናቱ ፎቶ ፊት፣ የዘይት መብራት ይበራል።

 የጋሽ ሽብሩን እጅ ያዘ።

«ሐሙስ ሰማሁ፣ ጋሼ» አለ። «ዛሬ ልነግራችሁ ነበር። ትናንት ሁላችሁም ደስ ብሏችሁ ነበር።»