አደጋ የሌለበት ሾፌር

ጋሽ መሳይ ፎርሙን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። በሮቤና በዲንሾ መካከል ሦስቴ ተጋጭተዋል፤ ሦስቱንም ራሳቸው መጥተው ለኢንሹራንሱ አስመዝግበዋል።

«እና አረቦኑ እጥፍ ሆነ?»

«አዎ ጋሼ፣ አደጋ ስለበዛብዎት ነው» አለች ጸሐፊዋ ለሊሴ። «ካልሆነ የሦስተኛ ወገን ብቻ ይግቡ። የገጩት ሰው ይታከማል፤ የእርስዎ መኪና ቢሰበር ግን አንከፍልም።»

«ለሰው ከደረሰ ይበቃል» ብለው ፈርመው ወጡ።

ቀጥሎ ወዚር ተቀመጠ። «ነጋ ጂርታ፣ ለሊሴ?» አለ ሰላምታ ሲሰጣት። «ሙሉ ሽፋኑን አድሺልኝ።»

መዝገቡ ላይ አንድም አደጋ ስለሌለበት ቅናሽ ያገኛል። አምና ሲናና ላይ የገጨው የለሊሴን ታናሽ እህት ነበር። ነገሩ ፖሊስ ዘንድ ሳይደርስ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ወዚር አሳከመ፣ አባቷም ይቅር አሉ። እርቅ የወረደበት ነገር ደግሞ ተመልሶ አይነሳም።

«ባለፈው ዓመት የደረሰ አደጋ አለ?» ስትል እንደማንኛውም ደንበኛ ጠየቀችው።

ወዚር የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ አገላበጠ። «እህትሽስ እንዴት ናት?»

«በምርኩዝ መሄድ ጀምራለች» አለችና «የለም» ከሚለው ቃል አጠገብ ምልክት አደረገች።