አምላክ አይቀበርም

ሽማግሌዎቹ የቀርከሃውን ቃሬዛ ከጎጆው ደጃፍ ሲያስቀምጡ ቴን ዶማውን ይዞ ወደ ጓሮ ዞረ።

“ተው፣ ተው” አለው ሙሉካ፣ የመንደሩ ትልቅ ሰው፣ በትሩን ተደግፎ። “አምላክ መሬት ይቆፍራል? እኛ እንሸከማለን። ተራራው ላይ እናስቀምጠዋለን። ከሰማይ መጣ፣ ሰማይ ይወስደዋል።”

ሙሉካ አማርኛ ሲናገር ሴቱም ወንዱም “እሱ” ነው። ተራራ ላይ ሊያወጣት ያሰበው የቴንን ታላቅ እህት ነበር።

“ሞታለች” አለ ቴን። “ሰማይ አይወስዳትም፤ ጅብ ነው የሚወስዳት። እባካችሁ፣ ጉድጓድ ብቻ ቆፍሩልኝ።”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ ወደ ሌላው ጠጋ ብሎ “አምላክ በዚህ ምን ሊያስተምረን ነው?” ሲል አንሾካሾከ።

እንግዲህ ጥፋቱ የማንም አልነበረም። የቴንና የእህቱ የሰማይ መንኮራኩር ተሰብሮ ከቡሌ በላይ ካለው ጫካ የወደቀው፣ ዝናብ ጠፍቶ እንሰቱ ሳይቀር በጠወለገበት ወራት ነው። ጭሱ ሳይበርድ ዝናቡ ወረደ። ከነጎድጓድ ጋር ከሰማይ የወረደን ሰው ማን ደፍሮ አገርህ የት ነው ይለዋል? መንደሩ ጎጆ ቀለሰላቸው፣ ቅቤና ማር አመጣላቸው፣ ልመናውንም አስከተለ። አንዱ ላሙ እንድትወልድለት፣ አንዷ ባሏ ከጠጅ ቤት እንዲወጣላት፣ የቀረው ሁሉ ደግሞ ባላባቱን እንዲቀጡለት ነበር የሚለምነው። እህቱ ለማኞቹ ከሄዱ በኋላ በሳቅ ትፈርሳለች። “አገራችን እያለን አንተ እንኳ ታዘኸኝ አታውቅም!” ትለዋለች።

አምላክ አይደለንም ማለቱም አልጠቀመም። “እውነተኛ አምላክ አምላክ ነኝ እያለ አይዞርም” ብሎ ሙሉካ ነገሩን ዘጋው።

አማርኛ ያስተማረቻቸው አሰገደች ናት፤ ዲላ ተወልዳ ያደገች፣ ለባል ብላ ቡሌ የወጣች፣ ባሏ በዛብህ ከሞተም ወዲህ እዚያው የቀረች ሴት። ቴን አንድ ቀን፣ ሽማግሌውን ሁሉ አንቱ እያላችሁ እኔን እንደ ጥጃ ጠባቂ አንተ የምትሉኝ ለምንድን ነው ብሎ ቢጠይቃት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

“ጃንሆይን አንቱ እንላለን፤ እግዜርን ግን አንተ ነው። አንቱ የሚባል አምላክ ሰምተህ ታውቃለህ?”

አሁን እሷም ከሴቶቹ ጋር አጥሩ ስር ቆማለች። ማንም የተጠጋ የለም። ቴን እንሰቶቹ መሃል መቆፈር ጀመረ። አያውቅበትም፤ ዶማው ሥር እየመታ ይነጥርበታል፣ መዳፉ ተልጦ ደማ። ካፊያውም ጀመረ። ከኋላው እህቱ የተኛችበት ቃሬዛ ሲነሳ ሰማ።

ዶማውን ጥሎ ሮጠ። ቃሬዛውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ መሬት ጎተተው። እግሯ ተገልጦ ዝናብ ይመታዋል። የለበሰውን ጋቢ ገፎ እግሯን ሸፈነ፣ ጠቀለለ፣ ብርድ እንዳይገባ ጫፉን ከስር ወተፈው። ይህን ሁሉ እያደረገ በራሱ ቋንቋ ይቆጣታል። ሽማግሌዎቹ ፈርተው ወደ ኋላ አሉ።

አሰገደች ከሴቶቹ ተነጥላ መጣች።

“ምንድን ነው የምትላት?”

“አብረን መጥተን ብቻሽን ትሄጃለሽ? ነው የምላት። ለማን ትተሽኝ ነው? ነው የምላት።” ቀና አላለም። “እናታችን ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ? ነው የምላት።”

በዛብህ የሞተ ለት አሰገደችም እንዲሁ ተቆጥታው ነበር፤ በረዶ የሆነ እግሩን በጋቢ እየጠቀለለች፣ ለማን ትተኸኝ ነው እያለች። ያን ቀን ያያት ሁሉ አለቀሰላት እንጂ ምን ልታስተምረን ነው ያለ አልነበረም። አምላክስ ምን ቸግሮት ሙት ይወቅሳል?

ነጠላዋን አወለቀች፣ አዘቅዝቃ ለበሰችው፣ ከጎኑ ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

“እግዜር ያጽናዎት” አለችው።

ከሴቶቹ አንዷ “ኧረ!” ብላ አፏን ያዘች። ሙሉካ አሰገደችን አየ፤ ቴንን አየ፤ የደማ መዳፉን አየ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና ሄዶ ዶማውን ከጭቃው አነሳ።

“አንቱ ተቀመጡ” አለ ቀስ ብሎ። “ሐዘንተኛ አይቆፍርም።”

ወንዶቹ ተከተሉት። እህቱ ዓይኗን ከከደነች ጀምሮ እምቢ ያለው እንባ አሁን መጣ። ቴን ሊደብቀው አልሞከረም።

“ስማቸው ማን ነው?” አለች አሰገደች። “ስም ሳይጠራ እንዴት ይለቀሳል?”

ቅቤና ማር ሲያመላልሱ ከከረሙት አንድም ሰው ይህን ጠይቆ አያውቅም።

“ሶዋ።”

“ሶዋዬ!” ብላ አሰገደች አወጣችው። “ሶዋዬ!” ብለው ሴቶቹ ተቀበሏት፣ መጨረሻውን እያስረዘሙ። ስሙ በእንሰቱ መሃል አልፎ ወደ ጭጋጉ ወጣ።

አገራቸው ሲመሽ እናታቸው ደጅ ቆማ ስትጣራ የስሙን ጫፍ ልክ እንዲህ ታስረዝመው ነበር። ሶዋ ከወንዙ ዳር መነሳት አትወድም፤ ሁልጊዜ የሚላክባት ቴን ነበር።

ጎንበስ ብሎ የተሸፈነችበትን ጨርቅ ከፊቷ ገለጥ አደረገው።

“እየተጠራሽ ነው” አላት በራሱ ቋንቋ። “ነይ፣ ግቢ።”