ቢጫና አረንጓዴዋ ሽቦ

የኤሌክትሪክ ሳጥኑ የተሰቀለው ጓሮ ባለችው ክፍል፣ ከትልቁ የቢራ መጥመቂያ ድስት በላይ ነበር። የሠራው የቢራ ጠማቂዋ ባል ነው። ሙያው የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው፤ መኪና ላይ እጁ ወርቅ ነው ይባላል። ልጇን ልትጠይቅ መጥታ የከረመችው አማቱ ግን "ድስት መኪና ነው እንዴ?" ብላ "ኢንጂነሩ" የሚል ስም አወጣችለት።

መቼም ክፉ አልሠራውም። ሽቦዎቹ የሚገቡበትን ቀዳዳ ሞርዶ ጎማ አልብሶታል። አንዱን ሽቦ ባሰረ ቁጥር ጎተት አድርጎ ይፈትሻል። በመጨረሻ ከድስቱ የሚመጣውን ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ሳጥኑ ውስጥ ካለው ብሎን ላይ አጠበቀና ሚስቱን ጠራት።

"ይቺን አየሻት? ማሞቂያው ኤሌክትሪክ ካፈሰ በእሷ አልፎ መሬት ይገባል። ያኔ ይሄ ብሬከር ቷ ብሎ ያጠፋዋል። እሷ ከተፈታች ግን ብሬከሩ ዝም ይላል። ሰው ድስቱን እስኪነካ ይጠብቃል።"

"ሰው ሲነካውስ?" አለች አሮጊቷ ከበሩ ላይ።

"ያኔማ ቶሎ ያጠፋል ብሎ ተስፋ ማድረግ ነው፣ እማማ።"

"ተስፋ! ልጄን በተስፋ ልትጠብሳት ነው?"

ልጅቷ ሳቀች። የእሷ ሐሳብ ሌላ ቦታ ነበር። አንድ የሆቴል ባለቤት ቢራዋን ቀምሶ ከጣመው በየሳምንቱ ሊወስድላት ቃል ገብቷል። ስንት ዓመት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ የራሴ የምትለው ሥራ ገና አሁን መምጣቱ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ድስቱ መንተክተክ እንደጀመረ ብሬከሩ ቷ አለ። መለሱት። ቷ። ደግመው መለሱት። ቷ። ብቅሉ ግማሽ መንገድ ላይ ቀዝቅዞ ቀረና ኮመጠጠ። ድስት ሙሉ ልፋቷን ውጭ ስትደፋ አለቀሰች።

"ማሞቂያው እርጥበት ስቧል። ሌላ አዝዣለሁ፤ እስኪመጣ ታገሺ" አላት ባሏ።

"እኔስ ልታገስ፤ ሆቴሉ ይታገሰኛል?"

አዲሱ ማሞቂያ ሳይመጣ በተጀመረው ሁለተኛ ጠመቃ ብሬከሩ ጭጭ አለ። ድስቱ አምሮበት ፈላ። ሚስትየው ቦቲ ጫማዋን አድርጋ፣ በረዥም የእንጨት ማማሰያ እያማሰለች ታንጎራጉራለች። ባልየውን ግን ዝምታው ከነከነው። ዋናውን ኤሌክትሪክ አጥፍቶ ሳጥኑን ከፈተ። ቢጫና አረንጓዴዋ ሽቦ ከብሎኑ ተፈትታ ተንጠልጥላለች።

"ማነው ይቺን የፈታው?" ጩኸቱ ጎረቤት ተሰማ።

ማን እኔ ነኝ ይላል? አሮጊቷ ልጇን ተከትላ ወጥ ቤት ገባች።

"ራሱ ፈትቶ ራሱ ይጮሃል።"

"እማዬ ደግሞ!"

"ፊተኛዋ ሚስቱ በምን ነበር የሞተችው?"

"በልብ ድካም ነዋ። ስንቴ ልንገርሽ?"

"እኔም ልቤ ይደክመኛል፤ ይኸው አለሁ። እሷ ግን ቤት ውስጥ፣ ከሱ ጋር ብቻዋን ሆና ነው የሞተችው።"

ባልየውም የራሱን ያብሰለስላል። አሮጊቷ ቢራውንም እሱንም ዓይናቸውን ማየት አትፈልግም። ድስቱ አንድ ቀን ሰው ቢነዝር ሳጥኑ ከግድግዳ ይወርዳል፤ ልጅም ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች። ለዚህ ብላ በልጇ ነፍስ ትጫወታለች? ይቺ ሴትዮ ምን ይሳናታል አለ በሆዱ።

ሽቦዋን አጠበቃት። በሚቀጥለው ጠመቃ ደግሞ ተፈትታ ተገኘች።

ከዚያ በኋላ አሮጊቷ ጓሮ በር ላይ ወንበር አውጥታ ዘበኛ ሆነች። እሱ ሲመጣ እሷ ትነሳለች፤ እሷ ስትነሳ እሱ ይቆማል። ልጅቷ በሁለቱ መሀል ውኃ እያመላለሰች ትገባለች፣ ትወጣለች።

አዲሱ ማሞቂያ አሁንም አልመጣም። የሆቴሉ ሰው ሊቀምስ በሚመጣበት ቀን ጠዋት ባልየው ወደ ጓሮ ቢወጣ፣ ሳጥኑ ተከፍቷል። አሮጊቷ በርጩማ ላይ ቆማ የጠረጴዛ ቢላዋ ውስጡ ሰዳለች። ሮጦ ዋናውን አጠፋ።

"ያዝኩዎት!"

"እኔ ነኝ የያዝኩህ! አንተ ፈትተህ እኔ ላጠብቅ?"

"ሊያጠብቁ?"

"በዚህ ጉልበቴ በርጩማ ላይ የወጣሁት ለመዝናናት መሰለህ?"

ተጠግቶ አየ። ሽቦዋ ብሎኑ ሥር ገብታለች፤ ብሎኑ ግማሽ ድረስ ዞሯል። ጥርጣሬው ግን አልወጣለትም። ምናልባት ሲፈቱት ደረስኩባቸው አለ በልቡ። እሷም ፊቱን አይታ ገባት።

"ቁልፍ ይገባለት" አለች።

"ይገባለት። ግን ቁልፉ እርስዎ ጋ አያድርም።"

"አንተ ጋ ካደረም እኔ ዛሬውኑ ልጄን ይዤ እወጣለሁ።"

ሁለቱም እኩል ዞሩ። ልጅቷ የብቅል ከረጢት አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

"አይዞሽ" አላት ባሏ። ዓይናቸው እያየ ብሎኑን በካቻቢቴ አጠበቀ፣ ሽቦዋን ጎትቶ አሳያቸው፣ ሳጥኑን ዘግቶ ቆለፈና ቁልፉን በእጇ አስጨበጣት።

"ላንቺ ነፍስ ነው ይሄ ሁሉ" አለች እናቷ። "ለኔም ቢሆን እንዳትሰጪኝ።"

"እሺ፣ እማዬ።"

ባልየው ልቡ ረግቶ ወደ ጋራዡ ሄደ። አሮጊቷም ከስንት ቀን በኋላ ጎኗን ልታሳርፍ ወደ ክፍሏ ገባች።

ልጅቷ ኮቴያቸው እስኪርቅ ጠብቃ ሳጥኑን ከፈተችና ዛሬም እንደ ወትሮዋ ሽቦዋን ከብሎኑ ፈታቻት።