ጳጉሜን ስድስት

አስተዳዳሪው የተሾመው ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበርና፣ ዕለቲቱ የክፍለ ሀገሩ ዓመታዊ በዓል እንድትሆን እዚያው ወሰነ። አጨብጫቢዎቹም እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። የጎደለው ታሪክ ብቻ ስለ ነበር አዛውንቷ የታሪክ ምሁር ተጠሩ።

«እማማ፣ በዚህ ቀን የተፈጸሙ ታላላቅ ድርጊቶች ይፈልጉልን» አላቸው፣ ለድግስ ሙክት እንደሚያዝ ሰው።

«ጠላት የሸሸበት፣ ከተማዋ የተቆረቆረችበት፣ ድልድዩ የተመረቀበት ይሁን?»

«እንዲያ ነው እንጂ። በመድረክም በራስዎ አንደበት ያነቡታል። እምቢ ካሉ ቤተ መዛግብቱን እዘጋዋለሁ።»

ዕድሜ ልካቸውን የደከሙበት ቤት ነው። ምሁሯ የተሰበሰበውን ባለ ከረባት ሁሉ እንደ ከረመ ሽንኩርት አገላብጠው አዩትና ፈገግ አሉ።

«ዕለቲቱ ስትደርስ አነባለሁ፤ ቃሌ ነው።»

ዓመቱ ዞረ። ድንኳን ተተከለ፣ ሰንጋ ታሰረ፣ እንግዶችም በዋዜማው፣ ጳጉሜን አምስት ቀን፣ ከየአቅጣጫው ገቡ።

በማግስቱ አስተዳዳሪው ካባውን ደርቦ ወደ መድረኩ ሲወጣ፣ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ ከበቡት። ምሁሯ ከፊት ወንበር ተነሥተው እጅ ነሡ።

«እንኳን ለዘመን መለወጫ አደረሰዎ፣ ክቡር አስተዳዳሪ። ጳጉሜን ስድስት ከሦስት ዓመት በኋላ ትመጣለች፤ ያን ጊዜ በወንበርዎ ላይ ካሉ አነባለሁ።»