በወረፋ ላይ ያለው ፋክስ

በሆስፒታሉ መዝገብ ቤት የሞት ማስረጃዎችን በፋክስ የምትልከው ጸሐፊ፣ ከምሳ መልስ ወረፋውን ስታይ አንደኛው ወደ ራሷ ቤት የሚላክ ሆኖ አገኘችው። ቤት ያለችው ባለፈው ሳምንት ድና ከዚሁ ሆስፒታል የወጣችው እናቷ ብቻ ናት። ፋክስ የላቸውም፤ ያላቸው ተራ ስልክ ነው።

የተሳሳተ ቁጥር መሆን አለበት ብላ ልትሰርዘው ፈለገች። መሰረዝ የሚችለው ግን አለቃዋ ነው፤ እሱም ስብሰባ ገብቷል። ለእሷ የተፈቀደላት የመላኪያውን ሰዓትና ፋክሱ ካልገባ እየደጋገመ የሚደውልበትን የሙከራ ብዛት መለወጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትዕዛዝ ጽፋ ወደ አስር ሰዓት አዛወረችው።

ወዲያው እናቷ ደወለች።

«ከጠዋት ጀምሮ ሲያፏጭብኝ የዋለው ስልክ አሁን አናገረኝ እኮ!»

«ምን አለሽ?»

«‹ወደ አስር ሰዓት ተዛውሯል› ብሎ ዘጋው። ድምፁ እንዴት ያለ ጨዋ ነው! ያላገባ ከሆነ ላንቺ አጨዋለሁ።»

«እማዬ፣ ሁለተኛ ቢደወል እንዳታነሺ።»

ስልኩን ዘግታ የሙከራውን ብዛት ዜሮ አደረገችው። ስክሪኑ ትዕዛዙን ተቀበለ። መቀመጥ አቃታት፤ ቆማ ወደ ቤት ደወለች። እናቷ ወዲያው አነሳችው።

«አታንሺ አላልኩሽም?»

«አንቺ ትሆኚ ብዬ ነዋ! እሱማ አሁን ዘጋው።»

«ደግሞ ምን አለ?»

«‹መደወሉን ከከለከለችኝ በእጄ ይዤው እመጣለሁ› አለኝ። ከለከለችኝ የሚለው ማንን ነው፣ ልጄ?»