የሥዩም መጽሐፍና የላቀች ገብስ

ላቀች ከወገዳ ስትመለስ ገብሷ ደርሶ፣ አገሩ አኩርፎ ጠበቃት።

ስማዳ ውስጥ ወገዳ ወርዳ ሦስት ሳምንት ነው የቆየችው፤ ልጇ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ። በዚያ መሐል ነው የወንድሟ የሥዩም መጽሐፍ እስቴ የገባው። ሥዩም አዲስ አበባ ነው ያለው፤ በቴአትር ቤቱም በራዲዮኑም መኳንንቱን ሳይቀር የሚያስቅ፣ ስሙ የገነነ ሰው። በልጅነቱ እዚሁ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ሳለ ያየውን የሰማውን ሁሉ ጽፎ አሳተመ። መምህር ጸጋዬ ሁለት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዝግባው ሥር ጮክ ብለው ለሕዝቡ አነበቡት።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገር የተበላሸው።

ላቀች ይህን ሳታውቅ ለማክሰኞ ደቦ ጠራች። ጠላዋን ጠምቃ፣ ንፍሮዋን ቀቅላ ሃያ አጫጅ ጠበቀች። የመጣላት አንድ ሰው ነው፤ እሱም ፈንታው።

ፈንታው ማለት በልጅነቱ ጅብ መጣብኝ ብሎ ከገዛ አህያው ሸሽቶ ዛፍ ላይ ያደረ ሰው ነው። እስከ ዛሬም ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። አዲስ ጋቢ ደርቦ፣ ማጭዱን እያወዛወዘ ረፋድ ላይ ደረሰ።

«አትቀየሚኝ እት ላቀች፤ ከንፋስ መውጫ ድረስ እንግዳ መጥቶብኝ ነው የዘገየሁት።»

«አንተ ዘንድ?» አለች፤ ግን የእሱን ነገር የምትሰማበት ልብ አልነበራትም።

«ሥዩምን ሰላም በይልኝ» አላት እየሳቀ።

ይህ ምስኪን ደግሞ ዛሬ ሥዩምን ምን አስታወሰው፣ አለች በልቧ።

በጉና ተራራ በኩል ጥቁር ደመና ተቀምጧል። ያለ ወቅቱ ዝናብ ቢወርድ የዓመት ቀለቧን አፈር ሊበላው ነው። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ፤ ወንድ ልጅም የላት። እሷና ፈንታው ሲያጭዱ ውለው የማሳውን ጥግ እንኳ አልጨረሱም።

በማግስቱ ምንጭ ወርዳ የግራዝማች ቢሻውን ሚስት ዓለምጸሐይን አገኘቻት። ዓለምጸሐይ ፊቷን አዞረች።

«ኧረ ምን አድርጌ ነው እቴ?»

«አንቺማ ምን ታደርጊ! ወንድምሽ ነው እንጂ፣ ከነመጽሐፉ። ከኛ ቤት እርጎ ሳይጠጣ የዋለበት ቀን ነበር? ያን ሁሉ በልቶ ጠጥቶ በአገር ፊት እንዲህ ያድርገን?»

«ምን ብሎ ጻፈባችሁ?»

«ምን ብሎ ትለኛለች ደግሞ! ሂጂና ራሱን ጠይቂው!» ብላ እንስራዋን ሳትሞላ ሄደች።

ላቀች ወደ ቄስ አስማረ ሮጠች። መስቀሉን አሳለሟት፤ ፊታቸው ግን አልፈታም።

«ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ፤ ዳዊት ያስደገምሁት እኔ። እንደ ሰው እንኳ አልቆጠረኝም፣ ልጄ።»

«ይፍቱኝ አባ፤ ያለውን ይንገሩኝና ልወቀው።»

«የሚነገር ነገር የለውም» አሉና ወደ ቤተ ልሔሙ ገቡ።

እሷ እንደሁ ፊደል አልቆጠረች። መምህር ጸጋዬን ፈለገች፤ ደብረ ታቦር ሄደዋል። መጽሐፉስ? ግራዝማች ወስደው በልጃቸው ደጋግመው ያስነብቡታል አሏት። የተሰደበ ሰው ስድቡን ደጋግሞ የሚያስነብብ ለምን ይሆን? ለክስ ነዋ! ግራዝማች ደግሞ በአገሩ የታፈሩ ናቸው። እሳቸው ከወጡ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ እሳቸው ከቀሩ ማንም ዝር አይልም።

ያን ዕለት ማታ ወንድሟን ረገመችው። «አንተ እዚያ ሆነህ ሳቅ፤ እኔ እዚህ ልራብልህ! በደረቁ አበሳ እርጥቡ ይነዳል አሉ!» ብላ አለቀሰች። እሱ ያቦካውን እሷ ልትጋግረው ነው፤ ወይ አለመታደል!

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ማካፋት ጀመረ። ላቀች ነጠላዋን አገለደመች፤ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ አንገቷ ላይ አድርጋ በመንደሩ መሐል አለፈች። ሰው ከየደጁ እየወጣ አያት፤ ማንም ግን አይዞሽ አላላትም። ግራዝማች ግቢ ገብታ ጭቃው ላይ በግንባሯ ተደፋች።

«ወንድሜ ለበደለው እኔ ወድቄያለሁ! ስለ መድኃኔ ዓለም ይማሩኝ፣ ግራዝማች!»

ግራዝማች ቢሻው መጽሐፉን በብብታቸው ይዘው ወጡ። ዓለምጸሐይ ከኋላቸው ቆማለች። ተከትሎ የገባውን ሰው በከዘራቸው አስወጥተው በሩን አዘጉ። ከዚያ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱላት።

«ምሬሻለሁ። ነገ አገሩን ይዤ ማሳሽ ላይ ነኝ። አንቺ ግን ለወንድምሽ ደብዳቤ ታስጽፊልኛለሽ።»

«እግርዎን ልሳም! ዛሬውኑ አስጽፋለሁ። ስድቡን ያስተባብል ልበለው?»

«ምኑን ነው የሚያስተባብለው!» አሉ፤ መጽሐፉን ከብብታቸው መዘዙ። «የፈንታው አህያ ሁለት ገጽ ሙሉ ተጽፎላታል! እኔ በጥምቀት ዕለት፣ ታቦት ቆሞ፣ ከበቅሎዬ ወድቄ ረግረጉ ውስጥ በራሴ ስተከል ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ማን ነበር? ሥዩም አልነበረም?»

«እሱ ነበር» አለች ላቀች ቀስ ብላ።

«ሦስት ጊዜ አስነበብሁት፣ ላቀች። ከሽፋን እስከ ሽፋን ስሜ የለበትም!»